የእሳት ሩብ

ሰው በፊታችሁ ሌባ ሲባል የምትሉት ጠፍቷችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ዳር፣ እንዲያ ሆኜ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሰው «አተረፍኩ» ሲለኝ እንኳን ደስ አለህ ከማለቴ በፊት «ከምኑ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እናንተ ግን ነገሩን ስሙኝና ፍረዱ።

ያን ጊዜ እንጅባራ ውስጥ የሰው ባጃጅ እነዳ ነበር። የአገሩ ሰው እስካሁን ከተማዋን ቆሰበር ይላታል። ቤንዚን ሲገኝ እሠራለሁ፣ ሲጠፋ ወረፋ ላይ እውላለሁ። ታላቅ እህቴ አትጠገብ ደግሞ አዲስ ቅዳም አጠገብ ገጠር ውስጥ ትኖራለች። እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ካረፈ በኋላ የከሰሉን ሥራ ብቻዋን ያዘችው።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። በእኛ አካባቢ ዲከረንስ የሚሉት ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አለ። ከሰል የሚያወጣ ሰው ዛፉን በቁሙ ይገዛል፣ ያስቆርጣል፣ ግንዱን ይከምርና ክምሩን በቅጠልና በአፈር አልብሶ ውስጡን በዝግታ ያነደዋል። እሳቱ ቀዳዳ አግኝቶ አየር ከሳበ ከሰሉ አመድ ይሆናል። ሙያው ማንደዱ ላይ ሳይሆን ማፈኑ ላይ ነው።

የዚህ ሥራ ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው፤ «ሩቡ የእሳት ነው» ይላሉ። እሳት ቢከፋ ቢከፋ ከክምሩ ሩቡን ይወስዳል እንጂ ከዚያ አያልፍም ለማለት ነው። ስለዚህ ወጪያቸውን ሁሉ ይደምሩና ሩቡን ጨምረውበት ይዋዋላሉ። እሳቱ ካልነካባቸው ያች ሩብ ትርፋቸው ናት። እሳቱ ሩቡን ከወሰደም ትርፉ ቀረ እንጂ ወጪው ይመለሳል ባዮች ናቸው። አባት ለልጁ ሲያወርሰው የኖረ ሂሳብ ነው። ማንም መርምሮት አያውቅም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔም አልመረመርኩትም።

እታለም ደረቷን ታማ ነበር። ስትስቅ ሳል ያቋርጣታል፣ ዳገት ስትወጣ ቆም ብላ ዛፍ ትደገፋለች። ቆሰበር ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ የደረቷን ራጅ አይቶ «ከጭስ መራቅ አለብሽ። ካልራቅሽ መድኃኒቱ ምንም አይሠራልሽም» አላት።

«ዶክተር፣ የሚያበላኝኮ ጭሱ ነው» አለችው።

«እንግዲህ የሚያበላሽ ነገር ሊበላሽ ነው» አለ።

በባጃጁ ስንመለስ መናኸሪያው ጋ «ደሴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አከስልና እተወዋለሁ» አለችኝ።

ያሰበችው እንዲህ ነው። ሁለት የሚታለቡ ላሞች ነበሯት። እነሱን ለአንድ ከብት ነጋዴ በሰማንያ ሺህ ብር ሸጠች። ሰውየው ለእሷ ሲል አንድ ቃል ገባላት፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ድረስ ላሞቹን ይዞ ይቆያል፤ ሰማንያውን ሺህ ካመጣች ሁለቱንም አብሮ ይመልስላታል። በዚያ ቀን ካላመጣች ዳንግላ ገበያ ይነዳቸዋል። በሰማንያው ሺህ ዛፍ ገዛች፣ ለቆራጭና ለአክሳይ ያዘች፣ ለማዳበሪያና ለአህያ ጭነት ከፈለች። መቶ ማዳበሪያ ከሰል ይወጣዋል ተብሎ ተገመተ፤ አንዱን በአንድ ሺህ ብር ልትሸጥ ከአንድ የከሰል ነጋዴ ጋር ተዋዋለች። ሰማንያው ላሞቹን ይመልሳል፤ ሃያው ሺህ ደግሞ ቆሰበር ውስጥ ላየቻት ትንሽ ክፍል ቅድሚያ ኪራይ ይሆናል። ወተት ቤት ልትከፍት ነበር።

«ክፍሏ ብትቀርም ግድ የለኝም» ትል ነበር። «ላሞቼ ከተመለሱ ወተቴን በየቤቱ እየዞርኩ እሸጣለሁ። ዋናው ከጭሱ መውጣቴ ነው።»

አክሳዩ አያ ፈንቴ ይባላሉ። ከባሏ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የሠሩ፣ ከሰው ጋር ጥቂት የሚናገሩ፣ ከእሳት ጋር ግን በአዊኛ የሚያወሩ ሽማግሌ ናቸው። ክምሩ በተለኮሰ ሰሞን እሳቸው ከማሳው አይለዩም፤ እዚያው በሳር ጎጆ ያድራሉ። እኔም ቤንዚን ስለጠፋ ያን ሳምንት ላግዛቸው ሄድኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ክምሩ ሊበስል ጥቂት ቀርቶት ነበር። እታለም ይዛልን የመጣችውን ምሳ ሦስታችን እየበላን ሳለ አያ ፈንቴ እጃቸውን ከመሶቡ ላይ አንስተው ቀና አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሳቸው ግን እየሮጡ ነበር።

የክምሩ አንድ ጎን ውስጡ ያለው ግንድ ሲከስል ሰመጠና አፈሩ ተሰነጠቀ። ነፋሱ ደግሞ ያን ቀን ከዳገቱ በኩል ነበር። ስንጥቁ ጋ ስንደርስ ነበልባሉ ወጥቶ ነበር። «አፈር! አፈር!» አሉ አያ ፈንቴ። እኔ በአካፋ፣ እታለም በእጇ፣ አፈር ስንወረውር በአንድ በኩል ስንደፍነው በሌላ በኩል ይከፈታል። ወንዙ ከታች ነው። በጄሪካን ውሃ ይዤ እስክወጣ የነበልባሉ አፍ በር ያክል ሆኖ ጠበቀኝ። ያመጣኋትን ውሃ አፈሰስኩ፤ ጢስ ብላ ጠፋች። ሰው በውሃ እሳት ያጠፋል ሲባል ነበር የማውቀው። ያን ቀን እሳቱ ውሃዬን ሲያጠፋው አየሁ።

«እታለም፣ ራቂ! ጭሱ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማችኝም። በነጠላዋ አፏን ይዛ በአንድ እጇ አፈር ትወረውራለች፤ ሳሉ ሲይዛት ትንበረከካለች፣ ሲለቃት ትነሳለች። ሄጄ ልጎትታት አስቤ ነበር፤ አካፋውን ብተው ደግሞ ከፊቴ ያለው ይከፈታል። አካፋውን አልተውኩትም።

አያ ፈንቴ በመጨረሻ ያደረጉትን አልረሳውም። እርጥብ ቅጠል በእቅፋቸው ሙሉ ይዘው የተሰነጠቀው ጎን ላይ ወጡና በደረታቸው ተኙበት። እኛ በላያቸው፣ በዙሪያቸው አፈር ጫንን። ሲወርዱ የግራ እጃቸው ቆዳ ተልጦ ነበር። እሳቱ ግን ታፈነ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አያ ፈንቴ ክምሩን አንድ ጊዜ ዞሩትና መጥተው እታለም አጠገብ ተቀመጡ።

«ሩቡን ወሰደ» አሉ። «ድርሻውን ነው የወሰደው፤ ከድርሻው አላለፈም። አትዘኚ ልጄ።»

«ወጪዬ ይመለሳል?»

«የእሳት ሩብ ነው አልኩሽ። ወጪሽማ የት ይሄዳል?»

እታለም ሳቀች፤ ሳሉ አቋረጣት፣ ቢሆንም ደግማ ሳቀች። «ክፍሏ ትቅር። ላሞቼ ይምጡ እንጂ» አለች። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ። ሦስታችንም በጣም ደስ ብሎን ነበር፤ ሩቡ ተቃጥሎብን።

አርብ ክምሩ ሲቀዘቅዝ ከሰሉን አውጥተን በማዳበሪያ ሞልተን ሰፋን። የማዳበሪያውን ቁጥር ማንም አልያዘም፤ እንዲህ ያለውን ሲጭኑ ነው የሚቆጥሩት። አያ ፈንቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እዚያው ሲጠብቁ አደሩ። እታለምም እንደ ደንቡ ስፌቱ እንዳለቀ ደመወዛቸውን ከፈለቻቸው፤ ስምንት ሺህ ብር ነበር።

የላሞቹ ቀጠሮ በሆነው ቅዳሜ ጠዋት የከሰል ነጋዴው ሙሉቀን የጭነት መኪናውን ራሱ እየነዳ መጣ። ጫኞቹ እየተቀባበሉ ሲጭኑ እታለም ከመኪናው ኋላ ቆማ ቆጠረች። የመጨረሻው ሲጫን «ስንት ሆነ?» አላት ሙሉቀን።

«ሰባ አምስት» አለችና ወደ ማሳው ዞር አለች። «የቀረውስ?»

«የቀረ የለም» አልኳት።

«አምስት ይቀራል።»

«የምን አምስት?»

«ደሴ፣ ሩቡ የእሳት ነው አይደል? በወጪዬ ላይ ሩብ ስጨምር ስንት ነው የጨመርኩት? ሃያ ነው። እሳቱ ያችን ወሰደ። ሰማንያ ማዳበሪያ መቅረት ነበረበት። አምስቱ የት ሄደ?»

አስቡት፤ እኔም እውነቷን ነው አልኩ። ከመቶ ላይ ሃያ ሲነሳ ሰማንያ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። መኪናው ላይ ያለው ግን ሰባ አምስት ነው። እንደገና አስወርደን እንቁጠር ብላ ጫኞቹን ለመነቻቸው። ተቆጠረ። ሰባ አምስት። ጎጆዋን አየን፣ ቅጠሉን ገለጥን። ሙሉቀን ጋቢና ውስጥ ገብቶ ጥሩምባውን ነፋ።

ያን ጊዜ እታለም ወደ አያ ፈንቴ ዞረች። ባትዞር ምን ነበረ? ግን ሰማንያ ማለት ላሞቹ ናቸው፤ ላሞቹ ማለት ደግሞ ትንፋሿ ነው። ሰባ አምስት ግን ሁለቱን አይመልስም።

«አያ ፈንቴ፣ ሌሊት የጠበቁት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«አምስት ማዳበሪያ ጎድሏል።»

ሽማግሌው መኪናውን አዩ፣ ጎጆዋን አዩ። «ሩቡን ነው የወሰደው» አሉ በቀስታ። «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሩቡን ከወሰደማ ሰማንያ ነበር የሚቀረው! አምስቱን እሳት ካልበላው ሰው ነው የወሰደው።»

ጫኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ መተያየት ነገር ያጓጉዛል፤ ማታውኑ በየቤቱ እንደሚደርስ ያስታውቅ ነበር። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ የምናገረው ግን አልነበረኝም። «አልወሰዱም» እንዳልል ሂሳቡ ወስደዋል ይላል። «ወስደዋል» እንዳልል ያን የተጠቀለለ እጅ አያለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን አያ ፈንቴ ራሳቸው ሂሳቡን ማመናቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት ደንብ ነዋ! ቆመው ሲያስቡ ቆዩና «እጄ ሲያመኝ ነበር» አሉ። «ሊነጋ ሲል ጋደም ብዬ ነበር። እንቅልፍ ጥሎኝ ይሆናል። እኔ ስተኛ ሰው መጥቶ ይሆናል።»

ከኮታቸው ውስጥ ደመወዛቸውን አወጡ። በደህናው እጃቸው ለመቁጠር ሲቸገሩ ላግዛቸው ተጠጋሁ፤ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። አምስት ሺህ ብር ለይተው እታለም እግር ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ሌላ ድንጋይ ጫኑበት።

«ጠባቂው እኔ ነበርኩ» ብለው ዱላቸውን አነሱና ሄዱ። ማንም አልጠራቸውም።

እኔና እታለም ከሙሉቀን ጋር ጋቢና ተሳፍረን አዲስ ቅዳም ገባን። ኔትወርክ ስላልነበረ በስልክ ማስተላለፍ አልተቻለም፤ መጋዘኑ ደርሰን ሰባ አምስት ሺህ በእጃችን ቆጠረልን። እታለም የአያ ፈንቴን አምስት ሺህ ጨመረችበት። ሰማንያ ሞላ። ከመጋዘኑ በር ላይ ከብት ተራው ይታያል፤ ከብት ነጋዴው ላሞቹን ይዞ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። መጋላ የምትባለዋ ላሟ እንኳ ወደኛ አቅጣጫ አንገቷን አዙራ ነበር፤ ወይም ለእኔ መሰለኝ።

«እንኳን ወጪሽ ተመለሰ እትዬ» አላት ሙሉቀን። «እኔስ አንድ ሩብ ሲነድ በኪሳራ ነው የሚወጡት ብዬ ፈርቼልሽ ነበር።»

«ለምን በኪሳራ?» አልኩት። «ሩብ ጨምራ ነው የተዋዋለችው።»

«እሱማ ሁላችሁም እንደዚያው ናችሁ» ብሎ ሳቀ። «ስንት አውጥታችሁ ነበር?»

«ሰማንያ ሺህ።»

«በስንት ልትሸጡ?»

«በመቶ።»

«ትርፉ ሃያ። ሃያ የሰማንያ ሩብ ነው፣ ልክ ነህ። የመቶውስ ምኑ ነው?»

«አምስተኛው» አልኩ።

«እንግዲያስ! እኔ ብድር ስጠይቅ ባንክ ቤት መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንን ነው። የትርፍ ህዳግ ይሉታል። ከሸጥከው ከእያንዳንዱ መቶ ብር ውስጥ ወጪው ተነስቶ ላንተ የሚቀርህ ማለት ነው። የእናንተ ህዳግ ከመቶው ሃያ ነው፤ ሩብ አይደለም። እሳት ደግሞ ወጪያችሁን አያውቅም፤ የሚበላው ለሽያጭ ያዘጋጃችሁትን ነው። ከመቶ ማዳበሪያ ሩቡ ስንት ነው?»

በጣቶቼ አሰላሁት። ሃያ አምስት ነው። ከመቶ ሃያ አምስት ሲነሳ ሰባ አምስት። አያ ፈንቴ በዓይናቸው ያዩት ልክ ነበር፤ እሳቱ ሩቡን ነው የወሰደው፣ ከድርሻው አንዲት ፍሬ አላለፈም። የተሰረቀ ከሰል አልነበረም። ሰማንያ የሚባል ማዳበሪያ ከእኛ ጭንቅላት ውስጥ በቀር የትም ኖሮ አያውቅም።

ወደ እታለም ዞርኩ። ገብቷት እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ብሩን በሁለት እጇ ይዛ ላሞቹን ታያለች።

«እታለም…»

«ዝም በል።»

ኪሴን ፈተሽኩ። የነበረኝ የመሳፈሪያ ብቻ ነው። ባጃጁ የሰው ነው። ስልክ ደውዬ የምለምነው ሰው ቢኖር እንኳ ኔትወርክ የለም። ሙሉቀንን አየሁት፤ ገብቶት «እኔም ህዳጌ ቀጭን ነው ወንድሜ» አለኝ፤ ውሸቱን አይመስለኝም። ከብት ነጋዴው ጋ ሮጥኩ። አምስት ሺህ ለአንድ ሳምንት እንዲታገሰን፣ ካልሆነም አንዷን ብቻ እንዲመልስልን ለመንኩት። «ሁለቱን አብሬ ብዬ ነው ቃል የገባሁት፤ ዳንግላ ዋጋቸው ከዚህ ይበልጣል። እኔም ለእሷ ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁት» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆን ተጣልቼው እንኳ ይወጣልኝ ነበር።

ስመለስ እታለም ከብሩ ላይ አምስቱን ሺህ ለይታ ይዛለች።

«ሂድ ስጣቸው» አለችኝ።

«እታለም፣ ላሞቹ…»

«በሰው ስም የተገዛ ወተት አልጠጣም። ሂድ ብዬሃለሁ!»

ዞር ብዬ ሳላያት ሄድኩ። ብመለከታት ብሩን ለከብት ነጋዴው እሰጠው ነበር፤ ስለራሴ ይህን አውቃለሁ።

አያ ፈንቴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ብሩን እግራቸው ሥር አድርጌ ሁሉንም አስረዳኋቸው። በጠጠር አሳየኋቸው፤ መቶውን በአምስት አምስት ደርድሬ፣ የወጪውን ለይቼ፣ የእሳቱን አንስቼ። ጠጠሩን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ታዲያ አልተሰረቀም?»

«አልተሰረቀም አያ።»

«አልተኛሁም ማለት ነው?»

«አልተኙም።»

ፊታቸውን በደህናው እጃቸው ሸፈኑ። «እኔኮ በመንገድ ላገኘሁት ሁሉ ተኝቼ አሰረቅኋት እያልኩ ነው የመጣሁት» አሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ እታለም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው እየሰማ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ አነሷት፣ ይቅርም አሏት። ግን ያ የጫኞቹ ወሬ ከእኛ ይቅርታ ቀድሞ በየመንደሩ ደርሶ ነበር። ሂሳብ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ «ተኝቶ አሰረቀ» ለማለት ግን አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ክምር የሚያስጠብቃቸው ሰው ጠፋ። እሳቸውም ደጅ አልጠኑም፤ እሳት መጠበቁን ተውት።

ላሞቹ ዳንግላ ተነዱ። ዋጋ በሳምንቱ ንሮ ሰባ አምስት ሺሁ አንድ ላም ብቻ መለሰ፤ የተረፈው ለሁለተኛ አልበቃም። የአንድ ላም ወተት ቤት አያቆምምና ወደ ከሰሉ ተመለሰች። አክሳይዋን በሌብነት የከሰሰች ሴት ጋ ደግሞ ሌላ አክሳይ ደፍሮ አይመጣም። ስለዚህ ዛሬ ክምሩን የምታፍነው ራሷ እታለም ናት።

እኔ ከዚያ ወዲህ ባጃጁን ትቼ ቆሰበር ውስጥ ትንሽ የእህል መደብር ይዣለሁ። ከምሸጠው ከእያንዳንዱ መቶ ብር ስንት እንደሚቀረኝ ሳላውቅ አልተኛም። እናንተም ንግድ ውስጥ ካላችሁ እባካችሁ እወቁት፤ ጎደለ ብላችሁ የሰው ፊት ከማየታችሁ በፊት ሩባችሁ የምን ሩብ እንደሆነ ጠይቁ። ይህን ስመክር ግን ማወቅ ያድናል እያልኩ እንዳይመስላችሁ።

ባለፈው ሳምንት እታለም ደወለች። ከድምፅዋ በፊት ሳሏ ነው የሚሰማው።

«ደሴ፣ እሳቱ ሩቡን ቢወስድም ወጪዬ እንዲመለስ ስንት ልጨምር?»

አስቤ ነበር፣ መልሱን ለወራት ይዤው ነበር። «ሲሶ ጨምሪ። በወጪሽ ላይ ሲሶ ከጨመርሽ ሩቡ ቢነድም ወጪሽ ይመለሳል።»

«በዚያ ዋጋማ ማን ይገዛኛል? ሌላው ሁሉ በሩብ እየሸጠ።»

ዋጋውን የሚቆርጠው ገበያው ነው፤ እኔ ሂሳቡን ነው የማውቀው።

«በል ደሴ፣ ልዝጋው» አለችኝ። «በዚያኛው ጎን ጭስ በዝቷል፤ ሄጄ ልድፈነው።»